ድምፄ ያለ እኔ

ሰምሃል ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ወንበር ትስባለች፣ ሳትደላደልበት ትነሳለች። ሻይ ትቀዳለች፣ ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል። ሻንጣዋን ትከፍትና ሁለት ቀሚስ ትከታለች፣ አንዱን መልሳ ታወጣለች። እናቷ እትዬ ብዙወርቅ «ልጄ፣ ምን ነካሽ? ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» ቢሏት «ምንም» አለች። ምንም! ሴት ልጅ «ምንም» ስትል የሚያምናት ሰው ካለ እሱ ገና አላገባም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች። አክስቷ እዚያ የባንክ ሥራ አግኝታላታለች። ከሥራው ጎን ደግሞ ደምሰው የሚባል የአክስቷ ጎረቤት አለ። አክስቷ ማክሰኞ በስልክ ስለ ሥራው ጥቂት ቃል ወርወር አድርጋ ስለ ደምሰው ቁመት፣ ስለ ደምሰው ጠባይ፣ ስለ ደምሰው አዲስ ቤት ጆሮዋ እስኪግል አወራቻት። ሰምሃል «እሺ» እያለች ሰማች። ልቧ ግን ያለው ጂንካ ነው፤ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ማዶ፣ ኤርጎ ዘንድ።

ኤርጎ ማለት የሸማኔው የጋሽ አንጁሎ ልጅ ነው። ስልክ ይጠግናል። ከስልክ መጠገኛው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ደግሞ በከተማዋ ወንዝ ስም «የነሪ ድምፅ» የተባለችውን የኢንተርኔት ሬዲዮ ያቆመው እሱ ነው። ሰምሃል በየጠዋቱ እዚያ ማይክ ፊት ትቀመጥና መንገዱን፣ ዝናቡን፣ የገበያውን ዋጋ ታወራለች። ኤርጎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ በዓይኑ ይከተላታል። እሷ ቀና ስትል እሱ ያቀረቅራል፣ እሱ ቀና ሲል እሷ ታቀረቅራለች። ዓመት አለፋቸው እንዲህ ሲሆኑ። ወይ ጉድ! ሁለት ሰው ለአንድ ከተማ ሲያወራ ይውላል፣ እርስ በርሱ ግን አንዲት ቃል ይፈራል።

መፍራቱስ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሰምሃል አባት አቶ ወንድይፍራው የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ መሬት የያዙ፣ በደብሩም በዕድሩም ስማቸው የሚጠራ ሰው። ጋሽ አንጁሎ ከጋሞ በእግራቸው የመጡ ሸማኔ ናቸው፤ ቤተሰቡም ጴንጤ ነው። እትዬ ብዙወርቅ ለቅዳሴ የሚለብሱት ነጠላ የጋሽ አንጁሎ የእጅ ሥራ ነው። ነጠላው ቤተ መቅደስ ይገባል፣ የሸማኔው ልጅ ግን ከሱቁ ባንኮኒ አልፎ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሰምሃል ዝናብ ያደረበትን የሜዳውን ሣር እየረገጠች ስቱዲዮው ደረሰች። በር ላይ የኤርጎ እህት አቢጊያ ስልክ ታወራለች።

«ገብቶናል፣ ወንድሜ። እስከ ነገ እንወስናለን። እሺ፣ እሺ፣ ፓኬጁን መርጠን እንደውላለን።» ስልኩን ዘጋችና ወደ ሰምሃል ዞረች። «መጣሽልኝ! የሙከራው ጊዜ ነገ ያልቃል። ካልመረጥን ይዘጉናል አሉ። ኤርጎ ደግሞ አንዱን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። እስቲ አንቺ አናግሪው፣ እኔስ ሰለቸኝ።»

የሬዲዮዋ ነገር እንዲህ ነው፤ ድምፁ የሚነሳው ጂንካ ይሁን እንጂ ለሰው የሚዳረሰው አዲስ አበባ በተቀመጠ ሰርቨር ነው፣ ሰርቨሩም እንደ ቤት ይከራያል። አከራዮቹ ሁለት ዓይነት ፓኬጅ አቅርበዋል። አንደኛው ለቀጥታ ስርጭት ነው፤ ብዙ ሰው በአንዴ ይሰማበታል፣ ማይኩ ፊት ሰው ከሌለ ግን ጣቢያው ጭጭ ይላል። ሁለተኛው የሚችለው አድማጭ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ሰፊ ማስቀመጫ አለው። የተቀዳውን ሁሉ ይይዝና ቀንም ሌትም ራሱን በራሱ ያጫውታል።

ሰምሃል ገባች። ክፍሏ ዙሪያዋን በጋቢ ተሸፍናለች፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለው ጋሽ አንጁሎ ጥለቱ የተበላሸባቸውን ጋቢ ሁሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ኤርጎ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሁለተኛውን መረጥክ አሉ» አለችው፣ ሳትቀመጥ።

«ይሻላል። መብራት እንደሆነ በየቀኑ ይጠፋል። ሁለተኛው ግን እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እንኳ አይቋረጥም።»

«አድማጩስ? ጥቂት ነው እኮ የሚችለው።»

«ዲመካ ገበያ ሄደሽ አላየሽም? አንዱ ስልኩን ስፒከር ላይ ይሰካና ፍየል ሻጩም ማር ሻጩም ከቦ ያዳምጣል። እኛ ጋ የሚቆጠረው ግን አንድ ሰው ተብሎ ነው። አልዱባም እንደዚያው። ቁጥሩ አያስፈራኝም።»

ሙግቱ ትክክል ነበር። ሰምሃልን ያናደዳትም ትክክል መሆኑ ነው። «የእኔ ፕሮግራም እኮ የዕለት ወሬ ነው» አለች። «ትናንት ክፍት የነበረው የገዘር መንገድ ዛሬ ጭቃ ውጦት ሊያድር ይችላል። የተቀዳ ድምፅ ይህን በምን ያውቃል? ሰውን መንገድ ላይ ልታስቀር ነው?»

«የመንገዱን ወሬ አቢጊያ ትሠራለች። ያንቺን ደግሞ…» እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደ። «ቆይ፣ ላሰማሽ።»

ተጫነው። ሰምሃል አፏን ዘግታ እንደቆመች፣ ሰምሃል ከስፒከሩ ተናገረች። «እንደምን አደራችሁ፣ የነሪ ድምፅ ቤተሰቦች! ዛሬ ጂንካ ዝናብ አዝላ ነው ያደረችው፣ ጃንጥላ ያላችሁ ለሌለው አጋሩ…» ከዚያ ሌላ ጠዋት መጣ፣ ሌላ ሰምሃል። የመስቀል ማግስት ሰምሃል፣ ጉንፋን የያዛት ሰምሃል፣ አጉል ቀልድ ቀልዳ ራሷ የሳቀች ሰምሃል። ሳቋ ጋቢው ላይ አርፎ ቀረ።

«ምንድነው ይሄ?» አለች።

«ሰላምታሽን እየለቀምኩ አጠራቅሜው ነው። እየተፈራረቀ ይሄዳል። ዓመት ቢቆይ አይሰለችም።»

«ዓመት?»

«አዎ… አንቺ ከሄድሽ በኋላ አድማጩ ጭር እንዳይልበት ብዬ ነው።»

«አድማጩ!»

ኤርጎ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። ያን ጊዜ የሰምሃል ደም ፈላ። ከማክሰኞ ጀምሮ ወንበር የነሳት፣ ሻይ ያቀዘቀዘባት፣ ሻንጣ ያስከፈተና ያስዘጋት ነገር ሁሉ በአንዴ አፏ ላይ መጣ።

«ኤርጎ፣ አንተ እኮ እኔን ሸኝተህ ጨርሰሃል! ገና ሻንጣዬን ሳልዘጋ ድምፄን እዚህ አስቀርተህ እኔን ሚኒባስ ላይ ጭነኸኛል! እኔ እዚህ በየጠዋቱ ዛሬ አንድ ቃል ይነግረኛል፣ ዛሬ ይናገራል እያልኩ ስጠብቅ፣ አንተ ለካ ሰላምታዬን ስትለቅም ነው የከረምከው። አትሂጂ ማለት ይህን ያህል ከበደህ?»

«በየትኛው አፌ?» አለ ኤርጎ። ከወንበሩ ተነሳ፣ ድምፁም እንደዚያ ሆኖ ሰምታው አታውቅም። «በየትኛው አፌ ነው አትሂጂ የምልሽ? መልስሽን ከሰጠሽኝ በኋላ?»

«የምን መልስ?»

«ሰምሃል፣ አትቀልጂብኝ። እባክሽ።»

«የምን መልስ ነው የምትለው?»

በሩ ላይ አቢጊያ ቆማ ነበር። ወንድሟን አየች፣ ሰምሃልን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አላወቀችም» አለች በቀስታ። «ኤርጎ፣ ልጅቷ አላወቀችም!»

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ኤርጎ ሽማግሌ ልኳል። አባቱ ጋሽ አንጁሎ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ የዕድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ወንደሰንን አስከትለው አቶ ወንድይፍራው ቤት ገብተዋል። ሰምሃል ያን ቀን ክርስትና ተጠርታ ገዘር ነበረች። አቶ ወንድይፍራው በወጉ ተቀበሉ፣ በወጉ አስቀመጡ፣ በወጉም «ልጅቷን ጠይቀን እንመልሳለን» አሉ። በሳምንቱ መልስ ላኩ፤ ልጅቷ ተጠየቀች፣ አልፈቀደችም።

«በማግስቱ ‹እንዴት አደርክ፣ ኤርጎ› ብለሽ ገባሽ» አለ ኤርጎ። እንባው መጥቷል፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። «ሳቅሽ፣ ቀለድሽ። እንዴት ያለች ጨካኝ ናት አልኩ። ቆየት ብዬ ግን፣ እሷ እንዳላፍር ብላ ምንም እንዳልተፈጠረ ከሆነች እኔም ወንድ ልሁን ብዬ ዋጥኩት። በየጠዋቱ ዋጥኩት። ድምፅሽ እንኳ ይቅርልኝ ብል ፈረድሽብኝ።»

ሰምሃል አሁንም አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ተደገፈች። ጋቢው ጀርባዋን ሞቃት። የምትጠላው ሰው ፈለገች፣ አባቷን አሰበች፣ መጥላት አቃታት። ያን ሁሉ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሳታውቅ፣ ያቆሰለችው ራሷ ነበረች።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «ሰማህ? ማንም።»

ቤቷ ስትደርስ እትዬ ብዙወርቅ የታጠበውን ነጠላ እያጠፉ ነበር።

«እማዬ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ማን መጥቶ ነበር?»

የእናቷ እጅ ነጠላው ላይ ቆመ። «አባትሽ መልካም አስቦ ነው» አሉ። «ሰው ምን ይላል፣ ሃይማኖቱስ እንዴት ይሆናል ብሎ ነው። ሐዋሳ ብትሄድ ትረሳዋለች አለ።»

«አልጠየቀኝም።»

«አልጠየቀሽም።»

«አንቺስ? አንቺም እኮ አልጠየቅሽኝም!»

እትዬ ብዙወርቅ ነጠላውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እኔማ ከዚያ ቤት ስትመለሺ ፊትሽን አየው ነበር፣ ልጄ። ብጠይቅሽ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። ያልጠየቅኩሽ ለዚያ ነው።»

ሰምሃል ልትጮህ ፈልጋ ነበር። እናቷ ግን ያን ነጠላ አቅፈው ሲያለቅሱ ስታይ ጩኸቱን ተወችው። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች፣ ትከሻቸውን ያዘች፣ ለእናቷም ለአባቷም አዘነች።

ዓርብ ማለዳ ስቱዲዮ ከመግባቷ በፊት ጋሽ አንጁሎ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሸማቸውን እየሠሩ ነበር። ሲያዩዋት የማግ መወርወሪያው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ እባክዎ እሁድ ተመልሰው እኛ ቤት ይምጡ።»

«ልጄ፣ እኔ አንዴ እምቢ ተብያለሁ» አሉ። «የለበስኩት ልብስ እንኳ አፍሮ ነው የተመለሰው። ሁለተኛ እንዴት ይሆናል?»

«እምቢ ያልኩዎት እኔ አይደለሁም። እርስዎ ሲመጡ እኔ አልነበርኩም። እሁድ ግን እኖራለሁ።»

ጋሽ አንጁሎ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ መወርወሪያውን አስቀመጡና «ወንደሰን እሺ ካለ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ግን እሺታው አስቀድሞ ነበር።

ስቱዲዮ ስትገባ አቢጊያ የአዲስ አበባውን ሰውዬ ስልክ ላይ ይዛዋለች፤ ኤርጎ አጠገቧ ቆሟል። ሰምሃል እጇን ዘረጋችና ስልኩን ተቀበለች።

«ጤና ይስጥልኝ። ከነሪ ድምፅ ነው። የቀጥታ ስርጭቱን ፓኬጅ ነው የምንፈልገው።»

«ሰምሃል፣ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል እኮ» አለ ኤርጎ።

ስልኩን ከአፏ አራቀችው። «ዝም ይበላ! እኔ በሌለሁበት ዝም ይበል። መኖሬና አለመኖሬ ይለይ፣ ኤርጎ። አባቴ እኔ ሳልኖር በአፌ መለሰ። አንተም እኔ ሳልኖር በአፌ ሰላም ልትል ነበር። ከዛሬ ወዲያ ድምፄ ያለ እኔ አይወጣም።»

ኤርጎ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ከወዲያ «አለሽ፣ እህቴ? የወር ኪራይ ነው ወይስ የዓመት ልበለው?» አለ።

ኤርጎ ቀና አለ። እሷም ቀና ብላ ነበር፣ በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም አላቀረቀረም። እያየችው፣ ዓይኑን እያየች፣ ለስልኩ ተናገረች።

«የዓመት።»

አቢጊያ ጀርባዋን ሰጥታ ያለ ነገር የጋቢውን ጫፍ ታስተካክል ጀመር። ኤርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «የለቀምኩትንስ ሁሉንም ላጥፋው? አንዷን እንኳ አታስቀሪልኝም? የሳቅሽባትን?»

«አንዷንም» አለች። «ሳቄን ከፈለግክ አስቀኝ።»

ያን ጠዋት ስለ ገዘር መንገድ ስታወራ ድምጿ ደጋግሞ ተሰበረ። አድማጩ ጉንፋን መስሎት ይሆናል። እሷ ግን ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው እንዴት መተንፈስ እንደሚያቅተው ያወቀችው ያን ቀን ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ አንጁሎ ያንኑ የክት ልብስ ለብሰዋል። ጋሽ ወንደሰን ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው የመጡበትን ጉዳይ እንደ አዲስ ተናገሩ። አቶ ወንድይፍራው ፊታቸው ጠቆረ። ሰምሃል ከጓዳው በር መጋረጃ ጀርባ ቆማለች፤ ቆማለች ማለት እንኳ ይከብዳል፣ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ በሌላው ትቀይራለች፣ መጋረጃውን ትይዛለች፣ ትለቃለች።

«መምጣታችሁ ክብር ነው» አሉ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እንግዲህ ልጅቷን ጠይቀን…»

መጋረጃው ተከፈተ።

«አባዬ፣ እዚሁ ነኝ» አለች ሰምሃል። «ጠይቀኝ።»

አቶ ወንድይፍራው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። «ወደ ውስጥ ግቢ! የምን ድፍረት ነው ይሄ?»

«ጠይቀህ ልትመልስላቸው አይደል? ገዘር አይደለሁም፣ ሐዋሳም አይደለሁም። ፊትህ ቆሜያለሁ።»

«ሃይማኖቱስ?» አሉ ድምፃቸው ከቁጣ ወደ ልመና እየወረደ። «ሰው ምን ይለናል? እሱንስ አስበሻል?»

«አስቤዋለሁ፣ አባዬ። ቀላል ነው አላልኩም። ከአንተም ከእሱም ጋር ገና ብዙ እንጣላበታለን። ግን ጥሉም ቢሆን የሚመጣው ከጥያቄው በኋላ ነው፣ አንተ ደግሞ ገና አልጠየቅከኝም።»

አቶ ወንድይፍራው ሽማግሌዎቹን አላዩም። ዓይናቸው ጋሽ አንጁሎ እጅ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ሚስታቸው ትከሻ ላይ ወዳለው ነጠላ ሄደ፣ መሄጃም አጣ።

«ጠይቃት፣ ወንድይፍራው» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። ባላቸውን በሰው ፊት ሲያዝዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «እኔም አንተም ፈርተን ነው እንጂ መልሷን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። ጠይቃት።»

አባቷ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። በየጠዋቱ ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮው መሐል ስልካቸውን አቁመው፣ መጀመሪያ የሚሰሙት የዚህችን ልጅ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ከዓርብ በፊት ሰምተውት አያውቁም ነበር።

«የአንጁሎን ልጅ…» አሉ። እንደገና ጀመሩ። «ኤርጎን ትፈልጊዋለሽ?»

ሰምሃል ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ስለ ሥራው፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ክብር። አንዱም አልመጣላትም።

«አዎ» አለች።

ጋሽ ወንደሰን ከዘራቸውን መሬት ላይ ቀስ አድርገው መቱ። «እንግዲህ ተጠየቀች፣ መለሰች» አሉ። አቶ ወንድይፍራው እሺም እምቢም አላሉም። በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ለእንግዶቹ የሚጠጣ ነገር እንዲመጣ በእጃቸው ጠቆሙ። ጋሽ አንጁሎ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙት።

ሰምሃል ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መነሳት አላማራትም።